ሦስት ሰው የሠራው ፉርጎ

ፉርጎውን የሠራነው ሦስት ሰዎች ነን። ካርዱ ላይ የታተመው ግን የሁለት ሰው ስም ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያውን የምጽፈው ዓመታት አልፈውም ንዴቴ ስላልበረደ ነው።

እኔ የምጮህ ሰው አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያልገባኝ ነገር ሲኖር መምህሩ ቢሮ በር ላይ ሄጄ እቆምና ሌላ ተማሪ ሲመጣ ቦታ ለቅቄለት እመለስ ነበር። የቅየሳ ትምህርት የመረጥኩትም ከሰው ይልቅ ከመሬትና ከወረቀት ጋር የሚያውል መስሎኝ ነው። ስመረቅ ቡታጅራ ተመለስኩና አንድ የንድፍ ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። የምኖረው ወላጆቼ ቤት ነበር።

አባቴ የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው ድሬዳዋ ነው። የእኛ አገር ሰው ከቤቱ ወጣ ከተባለ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ገባ ማለት ነው። አባቴ ግን በወጣትነቱ ለገሃር ድረስ ሄዶ ባቡር ላይ ወጣና ድሬዳዋ ወረደ። እዚያ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የዕቃ ፉርጎ ጠጋኝ ሆነ። የተሰበረ ጣውላ ይቀይራል፣ የላላ ቡሎን ያጠብቃል፣ የማይዘጋ በር ያስተካክላል። እኛ ያደግነው እናታችን ጋር ቡታጅራ ነው፤ እሱን የምናየው ለመስቀል ሲመጣ ነበር። ባቡሩ እየተዳከመ ሲሄድ ጡረታ ወጣና በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን መሣሪያዎቹን፣ በሌላ ሳጥን ደብተሮቹን ይዞ ጠቅልሎ ገባ።

ደብተሮቹ ውስጥ በእጁ ያለፉ ፉርጎዎች ሁሉ ልካቸው አለ። የጣውላው ስፋት፣ ከቡሎን እስከ ቡሎን ያለው ርቀት፣ የበሩ ከፍታ። አንድ ልክ ሲሳሳት አይፍቀውም፣ አይደልዘውም። ማስመሪያ አስቀምጦ በላዩ ሁለት ትይዩ መስመር ያሰምርና ጎኑ ላይ ይፈርማል። ወርክሾፕ ውስጥ የተማረው እንደዚያ ነው። የተሰረዘውም መነበብ አለበት፤ የሰረዘውም ሰው መታወቅ አለበት ይል ነበር።

አንድ ጊዜ ለባልደረባው ለቅሶ ድሬዳዋ ሄደ። ያገለገሉት ፉርጎዎች ከሐዲዱ ወርደው በጋዝ እየተቆራረጡ ለቁርጥራጭ ብረት ሲጫኑ አየ። ጣውላቸው ተነቅሎ ማገዶ ሆኗል። ሲመለስ ሁለት ቀን ደብተሮቹን ሲያገላብጥ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ጠበቀኝና፣ አንድን ነገር ልኩን ሳይለቅ ማሳነስ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እችላለሁ አልኩት። የተማርኩት እሱን ነው።

የመረጠው ሁለት ዘንግና አራት የብረት ጎማ ያለውን፣ ጎኑ በጣውላ የተሠራውን ዝግ ፉርጎ ነው። ቡናና ጨው ሲያመላልስ የኖረ፣ ከአባቴም በዕድሜ የሚበልጥ ዓይነት። አንድ ለሃያ እንዲሆን ተስማማን። ስድስት ሜትሩ ሠላሳ ሳንቲም ሆነ። አንድ ሜትር የነበረው የሐዲዱ ስፋት አምስት ሳንቲም። አሥራ ሁለት ሳንቲም የነበረው ጣውላ ስድስት ሚሊ ሜትር። እያንዳንዱን ቁጥር ለሃያ አካፍዬ በአዲስ ወረቀት ላይ ስስል አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ከደብተሩ ጋር ያመሳክር ነበር። ከአባቴ ጋር ያን ያህል ረጅም ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ የምናገረው ሁሉ ክፉ እንዳይመስል ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ጎን ከኮምፔንሳቶ ነበር። አንዱን ቁራጭ በልኩ ቆርጬ፣ በማስመሪያና በስለት በየስድስት ሚሊ ሜትሩ እየጫርኩ ጣውላ አስመሰልኩት። በጣም አምሮ ነበር። አባቴ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየውና በጥፍሩ ነካ ነካ አድርጎ መለሰልኝ።

«ይሄ የፉርጎ ሥዕል ነው» አለኝ። «ፉርጎ አንድ ጣውላ ሲሰበርበት አንዱን ብቻ ታወጪለታለሽ። እስቲ ከዚህ ላይ አንዱን አውጪልኝ።»

ስለዚህ እያንዳንዱ ጣውላ ለብቻው መሠራት ነበረበት። መቶ አርባ አራት ጣውላ፤ ስፋታቸው ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው ከክብሪት እንጨት ያነሰ። የከተማውን የቤት ዕቃ አናጺዎች ዞርኩ። መጋዛቸው ያን ያህል ቀጭን ነገር ሲቆርጥ ይሰባብረዋል። አንዱ የያዝኩትን ወረቀት አገላብጦ አየና፣ «እህቴ፣ ስቴኪኒ ከፈለግሽ ሱቅ አለልሽ» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ ወጣሁ፤ ንዴቱ የመጣብኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሽማግሌውን ያስታወሰችን እናቴ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር የሚኖሩ እንጨት ሠሪ ናቸው። የአያቴን ቤት ምሰሶ ያቆሙት እሳቸው ነበሩ።

የእኛን አገር ለማያውቅ እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። ትልቁን የሣር ቤት የሚሠሩልን፣ የምንቀመጥበትን በርጩማና የምንበላበትን ገበቴ የሚጠርቡልን የእሳቸው ወገኖች ናቸው። ሰዉ የሚጠራበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሲነገር የሰማሁበት ቦታ ስደርስ ግን አልደብቀውም። ቤቱ እስኪያልቅ ጣሪያው ላይ ይወጣሉ፣ ወለሉን ይረግጣሉ። ካለቀ በኋላ ደጃፉን አያልፉም። ከጠረቡት ገበቴ አይበሉም። ከእነሱ ጋር ጋብቻ የለም። በሕግ የተጻፈ ክልከላ የለም፤ በየስብሰባው ስለ እኩልነት ይነገራል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፣ እነሱም ደጃፍ ላይ ይቀራሉ።

ሽማግሌው መጡ። ንድፉን አዩ። ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ወረቀቱን እንዴት መያዝ እንዳለባቸው ግን ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። መጋዝ እንደማይሆን ወዲያው ተናገሩ። መጋዝ የእንጨቱን ጅማት ይበጥሰዋል፤ ስንጥቅ ግን ጅማቱን ይከተላል አሉ። በሳምንቱ ጥሩ የጥድ ግንድ ይዘው ተመለሱና በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ይሰነጥቁ ጀመር። ቢላዋውን ጫፉ ላይ ያሳርፉና በእንጨት መዶሻ አንድ ጊዜ ብቻ መታ ያደርጉታል። ለሁለት ይከፈላል። ግማሹን ደግሞ ለሁለት። እንዲህ እያሉ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ድረስ። ከዚያ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያኖሩታል፤ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይጣመማልና። ቅጠሉ ሲፈታ ጣውላዎቹ ቀጥ እንዳሉ ይወጣሉ። በካሊብሮ ስለካቸው ልዩነታቸው ከፀጉር አይበልጥም ነበር። በካሊብሮ የምለካው እኔ ነኝ፤ እሳቸው የሚለኩት በአውራ ጣታቸው ነው።

ሥራው ለሦስት ተከፈለ። አባቴ የሥረኛውን ብረት ያዘ፤ ጎማዎቹን ከብረት ቱቦ ቆርጦ በሞርሳ አስሮ በሞረድ ያበጃቸው ነበር። እኔ ከስስ ላሜራ ማሰሪያዎቹን እቆርጣለሁ፤ ከጀርባው በሚስማር ጫፍ እየወጋሁ የሪቬቱን ራስ አወጣለሁ። በእውነተኛው ፉርጎ ላይ ያለውን ያህል፣ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ። እንጨቱ በሙሉ የሽማግሌው ነበር።

ሦስት ወር ፈጀ። በሦስቱ ወራት ውስጥ ሽማግሌው ከበረንዳው አልፈው ሳሎን አልገቡም። ሻይ ሲቀርብ ከከረጢታቸው የራሳቸውን ኩባያ ያወጣሉ፤ ምሳ ሲደርስ እናቴ በቅጠል ታመጣላቸዋለች። አባቴን በዕድሜ ሳይበልጡት አይቀሩም፤ እሱ ግን «አንተ» ይላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ «ጌታዬ»። ይህን ሁሉ በየቀኑ አየሁ። የሰው ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። ያንን ኩባያ ተሸክመው የሚዞሩት እናቴ ሳትሳቀቅ እንድትቀዳላቸው መሆኑ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ያን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ዲግሪውን ይዤም አላወቅኩትም።

አንድ ቀን ጎኑን ልንገጥም ስንል ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ። በፉርጎው ጎን፣ በበሩ ግራና ቀኝ፣ በሰያፍ የሚቆሙ ወፍራም ደጋፊዎች አሉ። በአባቴ ንድፍ ላይ የደጋፊው እግር በሩ ሥር፣ የላይኛው ጫፉ ፉርጎው ዳር ላይ ነበር።

«ይሄ እንጨት የሚገፋ ነው ወይስ የሚስብ?» ብለው ጠየቁት።

የሚገፋ ነው አላቸው አባቴ፤ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው።

«እግሩ በሩ ሥር ከሆነ ጭነቱን ወዴት ነው የሚወስደው? በሩ ሥር እኮ ጎማ የለም፣ ጌታዬ።»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ዕድሜውን ሙሉ ፉርጎ የጠገነው እሱ እንደሆነ ነገራቸው። ሽማግሌው አልተከራከሩም፤ ቢላዋቸውን ጠቅልለው ነገ እመጣለሁ ብለው ሄዱ። ያን ዕለት አባቴ ሳጥኑን ገልብጦ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አወጣ፤ እሱና ባልደረቦቹ እንደዚያ ባለ ፉርጎ ፊት ቆመዋል። ከትከሻቸው በላይ ደጋፊው ይታያል። እግሩ ከጎማው በላይ ነው፤ ራሱ ወደ በሩ ያዘነብላል። ቤት የሚሠሩት ሰው፣ ባቡር ሳያዩ፣ ክብደት የት መውረድ እንዳለበት አውቀው የደብተሩን ስህተት አግኝተውታል።

በማግስቱ ጠዋት ንድፉ ተስተካክሎ ነበር። በተሳሳተው ላይ ሁለት ትይዩ መስመር፣ ከጎኑ ፊርማ። አባቴ ለሽማግሌው «ራሴ አስታወስኩት» አላቸው። እሳቸው «ጥሩ ነው» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ፎቶግራፉን አይቻለሁ፤ ግን ዝም አልኩ።

ፉርጎው ሲያልቅ በሩ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተት ነበር። የዛገ ብረት የሚመስል ቀይ ቡናማ ቀለም ቀባሁት። አንዱን ጣውላ ብቻውን ማውጣት፣ መልሶም መግጠም ይቻላል።

በዚያው ሰሞን ዞኑ ወልቂጤ ላይ የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይ እንደሚያዘጋጅ ተነገረ። አዲሱ የባቡር መንገድ በየሬዲዮው የሚወራበት ጊዜ ስለነበር የቢሮ ባልደረቦቼ ፉርጎውን ይዘሽ ሂጂ ብለው ቅጹን አመጡልኝ። የሠሪዎች ስም የሚል ቦታ ላይ ሦስታችንንም ጻፍኩ። ለሽማግሌውም ነገርኳቸው። ስማቸው ከመታወቂያቸው በቀር የትም ተጽፎ እንደማያውቅ ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ወደ እኔ አላዩም፣ የያዙትን እንጨት ነበር የሚያዩት። ቅጹን አባቴ፣ እኔ አደርሰዋለሁ፣ አንቺ ሥራሽን አትፍቺ ብሎ ተቀበለኝ።

ፉርጎውን በካርቶን አድርጌ፣ ዙሪያውን በአሮጌ ጨርቅ ሞልቼ፣ በአገና በኩል በሚሄድ ሚኒባስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወልቂጤ ወሰድኩት። መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበር አቧራው ልክ አልነበረውም። በየጉድጓዱ ካርቶኑን ከጭኔ ከፍ አደርገዋለሁ። አባቴ በሦስተኛው ቀን፣ ዳኞቹ ሲመጡ ሊደርስ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የተመደበልኝ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ካርዱ ተቀምጦበታል። የእኔ ስም፤ ከሥሩ «አማካሪ» ተብሎ የአባቴ ስም። አለቀ። ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ፈልጌ አንድ ስም ቀርቷል ብዬ እስክናገር ምን ያህል ጊዜ ደጁ ላይ እንደቆምኩ አላውቅም። ያን ጊዜ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። የመንግሥት ቢሮ የድሃ ስም መጣል ልማዱ ነው ብዬ ንግግሬን ሁሉ በሆዴ አዘጋጅቻለሁ። ሰውየው ትሑት ነበር። ፋይሉን አወጣና ቅጹን ሰጠኝ።

«እኛ ያገኘነውን ነው ያተምነው፣ እህቴ። ያመጡት አባትሽ ናቸው» አለኝ።

በእጄ የጻፍኩት ሦስተኛው ስም ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል። በማስመሪያ፣ ትይዩ፣ እኩል የራቁ። ከጎኑ የአባቴ ፊርማ። ሽማግሌውን እንደ ተሳሳተ ልክ ሰርዟቸዋል።

ቅጹን መለስኩለት። ሰብሳቢው ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ከፈለግሽ በእስክሪብቶ ጨምሪበት፣ እኛን የሚያስቸግረን ነገር የለም አለኝ። የሚያስቸግረው ነገር አለመኖሩ የበለጠ አናደደኝ። የሚከለክለኝ ቢሮ የለም፤ ሕግ የለም። የሚከለክለኝ ቤቴ ነው።

ከአዳራሹ ወጥቼ ለአባቴ ደወልኩ። ስሙን አንተ ነህ ወይ የሰረዝከው አልኩት። አላስተባበለም። እኔ ገና ያላገባሁ ልጅ እንደሆንኩ፣ ወልቂጤ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ እንደሆነች፣ ወሬ እንደሚዛመት ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም፤ የሚራራልኝ ይመስል ነበር።

«ስምሽ ከፉጋ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ከወጣ ነገ ደጃችንን ማን ያንኳኳል?» አለኝ። «እሱም ቢሆን አይከፋውም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ጠይቀሃቸዋል እንዴ፣ አባዬ?»

ስልኩ ውስጥ የሚኒባስ ጥሩንባ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሒሳብሽ ሊያልቅ ነው አለና ዘጋው።

እዚህ ላይ ወዲያው ሄጄ ስማቸውን ጻፍኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልጻፍኩም። እስክሪብቶውን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ተመለስኩ፤ ያ «ማን ያንኳኳል» የሚለው ነገር ግን ከእኔ ጋር ገብቷል። ነውር መሆኑን እያወቅኩ ፈራሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ ካርዱ በሁለት ስም ቆመ። ሰው ይመጣል፣ በሩን ያንሸራትታል፣ ደስ ይለዋል። አንዱ ለምን አዲሱን ባቡር አልሠራሽም፣ ይሄ እኮ ያረጀ ነው አለኝ። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ልጆች ከመምህራቸው ጋር መጡ። አንዷ ልጅ አንዱን ጣውላ አውጥቼ ሳሳያት ተገርማ፣ ይህን ያህል ቀጭን እንጨት ማን ቆረጠው ብላ ጠየቀችኝ።

«አናጺ» አልኳት።

ልጆቹ ሄዱ። ሦስት ወር ሙሉ ሰንጥቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ የአባቴን ስህተት ሳይቀር ያረሙትን ሰው እኔም በአንድ ቃል ሰረዝኳቸው። አባቴ ቢያንስ ፈርሟል። እስክሪብቶውን ከፈትኩና ከሁለቱ ስሞች በታች ስማቸውን ጻፍኩ፤ ከጎኑም «እንጨቱን በሙሉ የሠሩ» ብዬ ጨመርኩ። ከታተሙት ስሞች አጠገብ የእጅ ጽሑፌ አላማረም።

በማግስቱ የእኛው አካባቢ የሆነ አንድ ነጋዴ መጣ። በአነጋገሩ አወቅኩት። በሩን እያንሸራተተ ሲስቅ ቆይቶ ካርዱን አነበበና ስለ ሦስተኛው ስም ጠየቀኝ። የት እንደሚኖሩ ስነግረው እጁን ከፉርጎው ላይ አነሳ።

«እኔ ደግሞ ስነካካው ቆየሁ» አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አንቺስ የተማርሽ ልጅ አይደለሽም?»

«የተማርኩ ነኝ። የሚቀመጡበት በርጩማስ የማን ሥራ ይመስልዎታል?» አልኩት። ቃሉ ከአፌ መውጣቱን ያወቅኩት ከጎኔ ያለው የውኃ ፓምፕ የሠራ ልጅ ሲስቅ ነው። ነጋዴው ሴት ልጅ ስትማር አፏ ብቻ ነው የሚረዝመው ብሎ ሄደ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ አሮጌዋን ፎቶግራፍ በኪሱ ይዞ መጣ። ካርዱን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ካርዱ ፊት ለፊት፣ ለሰው በማያሳይ ቦታ ላይ ቆመ። ጀርባው ሸፍኖታል።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ከመካከላቸው ሸምገል ያሉት፣ ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው የተባሉት፣ ጎንበስ ብለው የፉርጎውን ጎን ሲመለከቱ ቆዩና ጣታቸውን ደጋፊው ላይ አሳረፉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሠራ ገልብጦ እንደሚያስቀምጠው ተናገሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ይህን በትክክል ያስቀመጠው ማን ነው ብለው ጠየቁ።

አባቴ ፎቶግራፉን አወጣና «እዚህ ላይ እንደሚያዩት ነው፣ ጌታዬ» አላቸው። ውሸት አልነበረም። ፎቶግራፉ ላይ እንደዚያ ነው። መሐንዲሱም ራሳቸውን ነቅንቀው ሊጽፉ ጎንበስ አሉ።

በሰው ፊት አባቴን ተቃውሜ አላውቅም። በጓዳም ተቃውሜው አላውቅም።

«አይደለም» አልኩ። «የእኛ ንድፍ ስህተት ነበር። ያረሙን እንጨቱን የሠሩት ሰው ናቸው። ፎቶግራፉ ከሳጥን የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስማቸው ካርዱ ላይ አለ፤ አባዬ፣ እባክህ ፈቀቅ በል።»

ፈቀቅ አለ። መሐንዲሱ ካርዱን አንብበው ስሙን ወደ ወረቀታቸው ገለበጡት። ሌሎቹ ሁለት ዳኞች እግራቸውን ያዩ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የምስክር ወረቀት ተሰጠን። የታተመው ቀደም ብሎ፣ ከቅጹ ላይ ስለሆነ ሁለት ስም ነበረው።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ አባቴ ከፊቴ ወንበር ተቀመጠ። አገናን እስክናልፍ ድረስ አልዞረም። ከዚያ ሳይዞር፣ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ።

«እሳቸውን ያዋረዳቸውስ ማነው?» አልኩት።

ቤት እንደደረስን ፉርጎውን ከካርቶኑ አውጥቶ ሳሎን ውስጥ ቡፌው መስታወት ጀርባ አስቀመጠው። የምስክር ወረቀቱን ከጎኑ አቆመ። ካርዱን ካርቶኑ ውስጥ ተወው።

በማግስቱ ወደ እንሴኖ መንገድ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ አንድ ትልቅ ገበቴ ይቦረቡሩ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የተሰረዘውን፣ የሰረዘውን፣ እኔም ግማሽ ቀን ዝም ማለቴን። እንዲቆጡ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። መሮውን አላቆሙም። አባቴ እንደዚያ ማድረጉ አላስገረማቸውም፤ እኔ መናገሬ ትንሽ ያስገረማቸው መሰለኝ።

«ካርዱ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ።

ስማቸውን ነገርኳቸው።

«ብቻውን?»

አልገባኝም ነበር።

«የአንቺ ስም ብቻውን ነው የተጻፈው? የአባትሽስ?»

የእኔ ከአባቴና ከአያቴ ስም ጋር ነበር። የአባቴም እንደዚያው። ቅጹ ላይ ስሞላው ሦስተኛው መስመር አጭር መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም። አባቴ ሳይሰርዘው በፊት ግማሹን የተውኩት እኔ ነኝ። ሦስት ወር በረንዳችን ላይ ሲቀመጡ የማን ልጅ እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም። ይህን ያህል ሰው ላይ ስናደድ ሰንብቼ፣ አሁን በማን ላይ እንደምናደድ አጣሁ።

ከቦርሳዬ አዲስ ካርድ አወጣሁና የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ዐውደ ርእዩ እኮ አልቋል አሉኝ፤ አሁን የት ልታደርጊው ነው? ቡፌው ውስጥ፣ ከፉርጎው ፊት፣ የምስክር ወረቀቱን ገለል አድርጌ አልኳቸው። አባቴ ቢያነሳው መልሼ እንደማኖረው ነገርኳቸው።

መሮውን አስቀመጡ። እጃቸውን ከፍቅፋቂው አራገፉና የአባታቸውን ስም፣ ቀጥሎም የአያታቸውን ነገሩኝ። ልጽፍ ጎንበስ ስል በእጃቸው ምልክት አስቆሙኝ።

«አባትሽ ያየዋል?»

«ያየዋል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጎላ አድርገሽ ጻፊው።»